የአባቴ የኮሌስትሮል፣ የኢሲጂና የኢኮ ውጤት፦ የትኛው ነው በእርግጥ የሚያሳስበው?

ሰናይት_ጉለሌ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የአባቴን ውጤት እንዳለ ልጻፈውና የምታውቁ አስረዱኝ። ዕድሜያቸው 58 ነው፣ አያጨሱም፣ እስከ ዛሬ ስኳር አለብህ ወይም ልብ አለብህ ተብለው አያውቁም። ደሙ የተቀዳው ፋሲካ በዋለ በሁለተኛው ሳምንት ነው።

ጠቅላላ ኮሌስትሮል 248፣ ትራይግሊሰራይድ (የደም ስብ) 310፣ ኤችዲኤል («ጥሩው» ኮሌስትሮል) 38፣ ኤልዲኤል («መጥፎው» ኮሌስትሮል) 148፤ ሁሉም በሚሊግራም በዴሲሊትር። «የጾም ስኳር» ተብሎ የተጻፈው 112። ኩላሊቱ ደህና ነው፣ የጉበቱ ኤኤልቲ 31። ግፊታቸው 148/92።

ኢሲጂው (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ላይ ማሽኑ ያተመው፦ ሳይነስ ሪትም፣ ቮልቴጅ ክራይቴሪያ ፎር ኤልቪኤች፣ ነንስፔሲፊክ ቲ ዌቭ አብኖርማሊቲ። ኢኮው (የልብ አልትራሳውንድ) ደግሞ፦ ኢኤፍ 62 በመቶ፣ ሴፕተም 12 ሚሊሜትር፣ ግሬድ ዋን ዳያስቶሊክ ዲስፈንክሽን፣ ትሬስ ኤምአር፣ ትሬስ ቲአር።

ለኮሌስትሮሉ አቶርቫስታቲን 20 ሚ.ግ ማታ፣ ለግፊቱ አምሎዲፒን 5 ሚ.ግ ጠዋት ታዞላቸዋል። እሳቸው ግን «ዲስፈንክሽን» የምትለውን ቃል አይተው ልቤ ደክሟል ብለው ተጨንቀዋል። የኮሌስትሮሉ ክኒን ጉበት ይጨርሳል ሲባል ሰምተው አልጀመሩትም፤ በምትኩ ነጭ ሽንኩርት በሎሚ እየጠጡ ነው። የትኛው ቁጥር ነው የሚያሳስበው? ክኒኑስ የግድ ነው?

ላብራቶሪስት_ሐዋሳ

ሰናይት፣ ወደ ቁጥሮቹ ከመግባቴ በፊት ሁለት ነገር ንገሪኝ። አባትሽ ደም ሲሰጡ ቁርስ በልተው ነበር? በዋዜማውስ መጠጥ ነበር?

ሰናይት_ጉለሌ

አዎ፣ በልተዋል። ቁርስ በቅቤ የተሠራ ፍርፍርና ሻይ በስኳር፤ ደሙ የተቀዳው ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት ቆይቶ ነው። ማታውን ሰርግ ቤት ነበሩ፣ ጠጅም ሥጋም ነበር።

ላብራቶሪስት_ሐዋሳ

እንግዲያው ወረቀቱ ላይ ካሉት ቁጥሮች ሦስቱ በተጻፉበት ስም መነበብ የለባቸውም።

መጀመሪያ ስኳሩ። ትዕዛዙ ላይ «የጾም ስኳር» ስለተባለ ውጤቱም በዚያው ስም ታትሟል። ማሽኑ ሰውየው ይብላ አይብላ አያውቅም። 112 በባዶ ሆድ ቢሆን ኖሮ ለስኳር ሕመም የቀረበ ነው ይባል ነበር፣ ምክንያቱም ከ100 እስከ 125 ያለው የጾም ስኳር የሚመደበው እዚያ ውስጥ ነው። ፍርፍርና ጣፋጭ ሻይ ከተወሰደ ሁለት ሰዓት በኋላ ግን 112 ምንም የማያስከፋ ቁጥር ነው። ይህን ሳያጣሩ «ስኳር ጀምሮሃል» ማለት ልክ አይደለም። በእውነተኛ ጾም ይደገም፣ ወይም ኤችቢኤዋንሲ (ያለፉትን ሦስት ወራት አማካይ ስኳር የሚያሳይ ምርመራ) ይሠራ፤ እሱ ጾም አይጠይቅም። ከ5.7 በታች ደህና፣ እስከ 6.4 መጠንቀቂያ፣ 6.5ና ከዚያ በላይ በድጋሚ ሲረጋገጥ ስኳር ነው።

ሁለተኛ ትራይግሊሰራይዱ። ይህ ቁጥር በምግብ፣ ይበልጡን ደግሞ በመጠጥ ይነሳል። የማታው ጠጅና የጠዋቱ ቅቤ አንድ ላይ ሆነው ምን ያህል እንደጨመሩት ከወረቀቱ ማወቅ አይቻልም።

ሦስተኛው ኤልዲኤሉ ነው፣ ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም። አብዛኛው ላብራቶሪ ኤልዲኤልን በቀጥታ አይለካም፣ ያሰላዋል፦ ከጠቅላላው ላይ ኤችዲኤልን ይቀንሳል፣ ከዚያ የትራይግሊሰራይድን አንድ አምስተኛ ይቀንሳል። በአባትሽ ወረቀት 248 ሲቀነስ 38፣ ሲቀነስ 62፤ 148 ይመጣል። የተሰላ መሆኑ ከዚህ ይታወቃል። አሁን የጾም ትራይግሊሰራይዳቸው 200 ነበር እንበል። ያኔ የሚቀነሰው 40 ብቻ ስለሆነ ኤልዲኤሉ 170 ይወጣል። ከፍ ያለ ትራይግሊሰራይድ ኤልዲኤልን ከእውነተኛው ዝቅ አድርጎ ያሳያል ማለት ነው። ትራይግሊሰራይድ ከ400 ሲያልፍማ ስሌቱ ጭራሽ አያገለግልም፤ በቀጥታ መለካት አለበት።

ታዲያ ምን ይያዝ? ጠቅላላው ሲቀነስ ኤችዲኤል፦ 248 ሲቀነስ 38፣ 210። «ነን ኤችዲኤል» የሚባለው ይህ ነው። ደም ቅዳ ግድግዳ ውስጥ ገብቶ የሚጋገረውን ስብ ሁሉ በአንድ ላይ ይይዛል፣ ምግብ መብላትም ብዙም አያናውጠውም። 190 እና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ነው። ስለዚህ ቁርስ በልተው ነበርና ውጤቱ ዋጋ የለውም እንዳትሉ፤ 210ሩ እንዳለ ይቆማል።

ስለ ወቅቱም ልጨምር። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው በዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ከ55 ቀን ጾም ወጥቶ ሥጋና ቅቤ በየቀኑ ከሚበላበት ወቅት መግባት ነው። በሁዳዴ መጨረሻ የተቀዳና በበዓለ ሃምሳ የተቀዳ ደም የአንድ ሰው ቢሆንም አንድ ዓይነት ውጤት አይሰጥም። በተመሳሳይ ወቅት እንኳ ኮሌስትሮል ከቀን ቀን ከ5 እስከ 10 በመቶ ይወዛወዛል። በአንድ ወረቀት ከ248 ወደ 238 ወረደ ብሎ መደሰት፣ ከ238 ወደ 248 ወጣ ብሎም መደንገጥ ትርጉም የለውም።

ሲደገም፦ 9 እስከ 12 ሰዓት ያህል ምግብ ሳይበሉ ቆይተው፣ ውሃ ግን እየጠጡ (ውሃ ሳይጠጡ መምጣት ደሙን ያወፍረዋል)፣ ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ሦስት ቀናት መጠጥ ሳይነኩ፣ ጉንፋንም ሌላ ሕመምም በሌለበት ሳምንት። ከመቀዳቱ በፊት ጥቂት ደቂቃ ይቀመጡ። የክንዱ ማሰሪያ ከአንድ ደቂቃ በላይ ታስሮ ከቆየም ውጤቱ ከፍ ይላል። በዚያው ደም ቲኤስኤች አሠሩ፤ የታይሮይድ ዕጢ ሲደክም ኤልዲኤልን ይጨምራል፣ ያ ከሆነ ደግሞ ሕክምናው ሌላ ነው።

የልብ_ክሊኒክ_ነርስ

ኢሲጂውንና ኢኮውን እኔ ልያዝ።

አባትሽን ያስፈራቸው ቃል ከተጻፉት ሁሉ ብዙም የማያስፈራው ነው። ልብ ሁለት ሥራ አላት፦ ጨምቃ ደም መግፋት፣ ከዚያ ተዝናንታ መሙላት። ኢኤፍ 62 በመቶ ማለት መጭመቋ ሙሉ ነው፤ ደህናው ከ55 እስከ 70 አካባቢ ነው። «ግሬድ ዋን ዳያስቶሊክ ዲስፈንክሽን» የሚለው መዝናናቷ ዘገም ብሏል ነው የሚለው። ከ50 ዓመት በላይ በሆኑ፣ ይልቁንም ግፊት ባለባቸው ሰዎች ኢኮ ላይ በጣም የተለመደ ነው። ልብ ድካም የሚባለው ይህ ብቻውን አይደለም። ልብ ድካም ሲኖር ሰውየው ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ሌሊት ትራስ ይደራርባል፣ እግሩ ያብጣል።

ትሬስ ኤምአርና ትሬስ ቲአር ማለት የልብ በሩ (ቫልቩ) ሲዘጋ ጠብ የምትል ደም ታየች ነው። ጤነኛ ሰውም ላይ ትታያለች። በእኛ አገር ግን አንድ ነገር ማረጋገጥ ተገቢ ነው፦ ሪፖርቱ ላይ የሚትራል በሩ «ወፍሯል» ወይም «እንቅስቃሴው ታግዷል» የሚል አለ ወይ? ያ ካለ በልጅነት የጉሮሮ ሕመም የመጣ የሩማቲክ ልብ ሕመም ሊሆን ይችላል፤ ክትትሉም በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚወጋ የፔኒሲሊን መርፌ ሊጨምር ይችላል። ስለ በሩ ምንም ካልተጻፈ «ትሬስ» የምትለዋን ርሷት።

እኔ ዓይኔ የሚያርፈው ሴፕተሙ (የልብ መካከለኛ ግድግዳ) 12 ሚሊሜትር መሆኑ ላይ ነው። ለወንድ እስከ 10 ነው የሚጠበቀው። ግድግዳው ወፍሯል፣ ኢሲጂውም «ኤልቪኤች» ያለው ይህንኑ ነው። ኢሲጂው ብቻውን ቢሆን አላምነውም ነበር። ማሽኑ የሚያደርገው ደረት ላይ ከሚለጠፉት ፕላስተሮች የቪዋንን የታች ሞገድና የቪፋይቭን ወይም የቪሲክስን የላይ ሞገድ ደምሮ 35 ሚሊሜትር ከሞላ «ኤልቪኤች» ማተም ነው፤ ደረቱ ቀጭን የሆነ ሰው ላይ ያለ ምክንያት ይሞላል። እዚህ ግን ኢኮ በዓይን አይቶ አረጋግጧል። ጡንቻ ክብደት ሲያነሳ እንደሚወፍር ልብም በግፊት ላይ ስትገፋ ትወፍራለች። ይህ በአንድ ወር የሚመጣ አይደለም። የአባትሽ ግፊት ዛሬ የተገኘ ይሁን እንጂ ዛሬ የጀመረ አይደለም። ከወረቀቱ ሁሉ «ይህ ነው» የምለው እሱን ነው፤ ግፊት ሲታከም ደግሞ ግድግዳው እየቀጠነ ይመለሳል።

የቲ ሞገዱ ለውጥ ከግድግዳው መወፈር ሊመጣ ይችላል፣ ከፖታሲየም ማነስም፣ ፕላስተሮቹ ከቦታቸው ከፍ ተደርገው ከመለጠፋቸውም። ያንን የሚለየው የድሮ ኢሲጂ ነው። ወረቀቱ ሙቀት ስለሚያጠፋው ዛሬውኑ በስልክ ፎቶ አንሺው፣ ቀኑ እንዲታይ አድርጊ። በሚቀጥለው ጊዜ ድንገተኛ ክፍል ቢገቡ ያቺ ፎቶ ከብዙ ምርመራ ትበልጣለች።

ደግሞም እግረ መንገዴን፦ ንጹሕ ኢሲጂ የልብ ደም ቅዳ አልጠበበም ማለት አይደለም። ተኝቶ የተነሳ ኢሲጂ እረፍት ላይ ያለች ልብን ነው የሚያሳየው። አባትሽ ዳገት ሲወጡ ደረታቸውን ጨምድዶ ሲቆሙ በደቂቃዎች ውስጥ የሚለቃቸው ከሆነ ለሐኪሙ ይነገር፤ የትሬድሚል ወይም ሌላ ምርመራ ያስፈልጋቸዋል። እረፍት ላይ ሆነው ደረት ተጭኖ ከ10 ደቂቃ በላይ ከቆየ፣ ላብ ካጠመቃቸው፣ ወደ ግራ ክንድ ወይም መንጋጋ ከሄደ ግን «ጨጓራዬ ነው» ተብሎ ወተት አይጠጣም። ለአምቡላንስ 907 ደውሉ ወይም ያገኛችሁትን መኪና ያዙ፤ የአስፕሪን አለርጂ ወይም የደም መፍሰስ ከሌለባቸው 300 ሚ.ግ አስፕሪን ያኝኩ።

ግፊቱን በቤት ለኩ። አምስት ደቂቃ ዝም ብለው ተቀምጠው፣ ጀርባቸው ተደግፎ፣ እግራቸው መሬት ነክቶ ሳይነባበር፣ ክንዳቸው ጠረጴዛ ላይ በልብ ትክክል ሆኖ። ቡና ከተጠጣ ግማሽ ሰዓት ይለፍ፣ ሽንትም ይሸና። ጠዋት ሁለቴ፣ ማታ ሁለቴ፣ ለሰባት ቀን። የመጀመሪያውን ቀን ጥላችሁ የቀረውን አማካይ አውጡ፤ በቤት 135/85 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ግፊት ነው። በሹራብ ላይ መለካትና ለወፍራም ክንድ ጠባብ ማሰሪያ መጠቀም ሁለቱም ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታል።

ፋርማሲስት_አራዳ

ስለ ጉበቱ ፍርሃት በቁጥር ልናገር። ኤኤልቲያቸው 31 ነው፣ ደህና ነው። ስታቲን (አቶርቫስታቲንን የመሰለውን የኮሌስትሮል ክኒን) የሚያስቆመው ኤኤልቲ ከላይኛው ደህና ቁጥር ከሦስት እጥፍ በላይ ሲሆን ነው፤ ይህም በጥቂት ሰዎች ላይ ብቻ ይታያል፣ ሲቆም ደግሞ ይመለሳል። ከስታቲን ይልቅ ብዙ ጉበት የሚጎዳው ትራይግሊሰራይድን ከፍ ያደረገው ራሱ፣ ማለትም መጠጡና በጉበት ላይ የሚከማቸው ስብ ነው። ያንን ትቶ ክኒኑን መፍራት ጅብን ትቶ ጥላውን እንደ መሸሽ ነው።

አቶርቫስታቲን 20 መካከለኛ ኃይል ያለው መጠን ነው፤ ኤልዲኤልን ከ30 እስከ 49 በመቶ ይቀንሳል። ከ148 ስንነሳ ከ75 እስከ 104 መካከል ይጠበቃል። ውጤቱ የሚለካው ከጀመሩ ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ካልበቃ መጠኑን ማጠፍ የሚጨምረው ወደ 6 በመቶ ብቻ ስለሆነ ሐኪሙ ኢዜቲማይብ የሚባል ሌላ የኮሌስትሮል መድኃኒት ሊጨምር ይችላል። ማታ መዋጥ ግዴታ የሆነው ለሲምቫስታቲን ነው። አቶርቫስታቲን በሰውነት ውስጥ ረጅም ሰዓት ስለሚቆይ ጠዋትም ማታም ይሆናል። ስለዚህ በጾም ወቅት ከቅዳሴ በኋላ ወይም ማታ እራት ላይ ይወሰዳል፣ የረመዳን ጾመኛም ኢፍጣር ላይ ይወስደዋል፤ ለጾም ተብሎ የሚቆምበት ምክንያት የለም። ጸበል የገቡም እንደዚሁ፤ ጸበሉና ክኒኑ አይጣሉም። አንድ ቀን ከረሱ በማግስቱ እጥፍ አይዋጥም።

የሚታየው ምልክት የጡንቻ ሕመም ነው። ከስታቲን የሚመጣው ብዙ ጊዜ በሁለቱም ጭን ወይም በሁለቱም ትከሻ ነው፤ አንድ ጉልበት ብቻ ቢያም ከክኒኑ አይደለም። ሕመሙ ከጠነከረ ሲኬ (የጡንቻ ጉዳትን የሚያሳይ የደም ምርመራ) ይለካል። ሽንት እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ ግን ክኒኑ በዚያው ሰዓት ቆሞ ሆስፒታል ነው። ቁርጭምጭሚት ካበጠ ደግሞ ተጠርጣሪው አምሎዲፒን ነው፤ ለሐኪሙ ይነገር እንጂ ልቤ ደከመ ተብሎ አይደንገጥ።

በተለይ እንድትይዢው የምፈልገው ይህን ነው። በከተማችን ለጨጓራ የሚታዘዘው የኤች ፓይሎሪ ሕክምና ውስጥ ብዙ ጊዜ ክላሪትሮማይሲን የሚባል አንቲባዮቲክ አለ። ክላሪትሮማይሲን አቶርቫስታቲን ከሰውነት እንዳይወጣ ያግደዋል፣ ደሙ ውስጥ ያለው መጠን ይጨምርና ጡንቻ ይጎዳል። አምሎዲፒንንም ከፍ አድርጎ ግፊት ከልክ በላይ ሊጥል ይችላል። ሁለቱንም ነው አባትሽ የሚወስዱት። ስለዚህ ለጨጓራ መድኃኒት ሲታዘዝ ሁለቱን ክኒኖች ለሐኪሙም ለፋርማሲውም አሳዩ፤ ለእነዚያ 10 ወይም 14 ቀናት ስታቲኑን ለጊዜው ማቆም ወይም ከ20 ሚ.ግ አለማሳለፍ፣ ወይም ሌላ አንቲባዮቲክ መምረጥ ይቻላል። ሲምቫስታቲን ቢሆን ከክላሪትሮማይሲን ጋር ፈጽሞ አይሰጥም፤ ከአምሎዲፒን ጋርም ከ20 ሚ.ግ አይበልጥም።

ነጭ ሽንኩርት በሎሚ ምግብነቱ መልካም ነው። ኮሌስትሮል ላይ ያለው ኃይል ግን ትንሽ ነው፤ 210ን ከሚፈለገው አያደርስም። በክኒኑ ምትክ ሆኖ ሲያገለግል ግን አላየንም፣ አይሆንምም።

ሥነምግብ_ባሕርዳር

ወጥ ቤቱን እኔ ልግባ፣ ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነውና።

«ዘይት ነው የምንበላው፣ ቅቤ አይደለም» የሚባለውን በዘይቱ ዓይነት አጣሪ። በገበያችን ብዙ ጊዜ የሚገኘው፣ በብርድ የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሹ የሚረጋ ስብ ነው፤ ኤልዲኤልን ከፍ የሚያደርገው ያ ነው። እስቲ ቀለል ያለ ስሌት ሥሪ፦ አምስት ሰው ያለበት ቤት አንድ ሊትር በአምስት ቀን ከጨረሰ ለአንድ ሰው በቀን 40 ሚሊ ሊትር ይደርሳል፤ ወደ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ይጠጋል። ፓልም ከሆነ ከዚያ ብቻ ወደ 18 ግራም የሚረጋ ስብ ገባ ማለት ነው። ኮሌስትሮል ላለበት ሰው ከምግቡ ሁሉ ተደምሮ የሚመከረው ከ13 እስከ 15 ግራም አካባቢ ነው። ጾም ላይ ሆነው እንኳ ኤልዲኤላቸው የማይወርድ ሰዎች ምክንያታቸው ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ነው።

የሱፍ ወይም የኑግ ዘይት ይግባ። መጠኑን ለመቀነስ ደግሞ ከጠርሙሱ አፍ ማፍሰስ ይቅር። ሽንኩርቱ መጀመሪያ በደረቁ ይቁላላ፤ ውሃውን ሲያወጣ በትንሽ በትንሹ ፍል ውሃ ጨምሪለት፣ ወርቃማ ሲሆን ነው ዘይቱ በማንኪያ የሚገባው። ለአምስት ሰው ወጥ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ቅቤውን አባትሽ ጨርሰው እንዲተዉ አልጠይቅም። ወጡ ከወረደ በኋላ አንድ የሻይ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ለሽታው ጣል ይደረግበት። ገና ሲቁላላ የገባ ቅቤ ሽታው ይተናል፣ ስቡ ግን ይቀራል።

ትራይግሊሰራይዱ ሌላ በር ነው። ጉበት ስብ የሚሠራው ከሥጋ ብቻ አይደለም፤ ከስኳር፣ ከነጭ ዳቦ፣ ከመኮሮኒ፣ ከለስላሳ፣ ከጠጅና ከአረቄም ይሠራል። «እየጾምኩ እንዴት ጨመረ?» የሚለው ጥያቄ መልሱ የጾሙ ሰሃን ላይ ነው። ጠዋት ሻይ በሦስት ማንኪያ ስኳርና ዳቦ፣ ቀን ፓስታ ከበሉ ትራይግሊሰራይዱ አይወርድም። ስኳሩን ከሻይ ማውጣትና መጠጡን ለአንድ ወር ማቆም ብቻ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ከ500 በላይ ሲሆን ቆሽት የማቃጠል አደጋ ስላለ በምግብ ብቻ መጠበቅ አይሆንም።

የሚጨመር ነገር፦ ገብስ። ገብስ ውስጥ ያለው የሚሟሟ አሰር (ፋይበር) አንጀት ውስጥ ሐሞትን ይይዝና ይዞት ይወጣል፤ ጉበትም አዲስ ሐሞት ለመሥራት ኮሌስትሮልን ከደም ይስባል። በቀን ወደ 70 ግራም የገብስ በሶ በውሃ ተበጥብጦ፣ ስኳር ሳይገባበት። የአጃ ገንፎም ያው ነው፣ ግን መሐሉ ላይ የቅቤ ጉድጓድ ተቆፍሮለት ከሆነ ያገኘውን መልሶ አጣ። ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ በየቀኑ ይኑር። ተልባ ተወቅጦ ነው፣ ሙሉ ፍሬውን ዋጥ ዋጥ ማድረግ እንደገባው ይወጣል። ጨው በጠቅላላ በቀን አንድ የሻይ ማንኪያ ሳይሞላ፤ በርበሬውም ሚጥሚጣውም ጨው ይዘው ስለሚመጡ ወጡ ላይ ስትጨምሪ ያንን ቆጥረሽ ነው።

አንድ የሚረሳ ነገር፣ ጀበና። ቡና ተፈልቶ በወረቀት ሳይጣራ ሲጠጣ ካፌስቶል የሚባል ቅባት ይዞ ይወርዳል፣ እሱም ኤልዲኤልን ከፍ ያደርጋል። አቦል ቶና በረካውን በየቀኑ ሁለቴ የሚጠጣ ሰው ከሆኑ ይቆጠራል። ጀበናው ከእሳት ወርዶ በደንብ ይጥለል፣ የታችኛው ደፍረስ ያለ አይቀዳ። ለቤት የሚጠጣውን በወረቀት ማጣሪያ ማሳለፍ ከቻላችሁ ካፌስቶሉ ወረቀቱ ላይ ይቀራል። ቅድሚያው ግን ዘይቱና ቅቤው ነው፣ ቡናው ከእነሱ በኋላ ነው።

ዘመድ_ስቶክሆልም

ከውጭ ሆናችሁ የቤተሰብ ውጤት የምታነቡ፣ አሃዱን ተመልከቱ። አውሮፓ የሚሰጠው በሚሊሞል ነው። ኮሌስትሮልን (ኤልዲኤልንም ኤችዲኤልንም) ከሚሊግራም ወደ ሚሊሞል ለመለወጥ ለ38.7 ይካፈላል፤ ትራይግሊሰራይድ ግን ለ88.6 ነው። ሁሉንም ለ38.7 የሚያካፍሉ ሰዎች ትራይግሊሰራይድ 310ን 8 አድርገው ይደነግጣሉ፤ እውነተኛው 3.5 ነው። የአባታችን 248 ደግሞ 6.4 ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው የልብና የደም ሥር አደጋ ሰንጠረዥ ላይ ለምሥራቅ አፍሪካ የተዘጋጀው የሚጠይቀው ይህንን ነው፦ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ማጨስ፣ የላይኛው ግፊት፣ ስኳር ሕመም አለ ወይም የለም፣ ጠቅላላ ኮሌስትሮል። ያ የስኳር ሳጥን በስህተት «አለ» ተብሎ ከተሞላ ውጤቱ ሁሉ ይለወጣል፤ ላብራቶሪስቱ ስለ 112 ያነሱት ለዚህ ነው።

መድኃኒት ለምትልኩም፦ ሊፒተር ማለት አቶርቫስታቲን ነው። ከውጭ በመጣ ሳጥን ሊፒተር 40፣ ከአዲስ አበባው ፋርማሲ አቶርቫስታቲን 20 እየዋጡ የሚገኙ አረጋውያን አሉ፤ ሁለት የተለያየ መድኃኒት ይመስላቸዋል። ከሳጥኑ ጎን በትናንሽ ፊደል የተጻፈውን የመድኃኒቱን ስም አንብቡላቸው። «ተፈጥሯዊ» ተብሎ የሚሸጠው የቀይ ሩዝ እርሾ እንክብልም ውስጡ ያለው ከሎቫስታቲን ጋር አንድ የሆነ ኬሚካል ስለሆነ በስታቲን ላይ አይደረብም።

ሰናይት_ጉለሌ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ሪፖርቱን ደግሜ አየሁት፣ ስለ ሚትራል በሩ መወፈር የሚል የለም። አባቴ ክኒኑን ዛሬ ማታ ሊጀምሩ ተስማምተዋል። አንድ የቀረኝ፦ ከስምንት ሳምንት በኋላ ሲለካ የሰኔ ጾም ውስጥ ይሆናል። ያኔ ቢወርድ ከጾሙ ነው ከክኒኑ እንዴት ይለያል?

ላብራቶሪስት_ሐዋሳ

በአንዱ ልኬት አይለይም። ሁለቱም ወደ ታች ስለሚስቡ ቁጥሩ ከሁለቱ ተደምሮ የመጣ ይሆናል። ስለዚህ የሰኔውን ልኬት መድኃኒቱ ተስማምቷቸዋል ወይ፣ ጉበቱ ደህና ነው ወይ የሚለውን ለማየት ተጠቀሙበት፤ ወረቀቱ ጥግ ላይ «ጾም ላይ፣ በባዶ ሆድ፣ አቶርቫስታቲን 20፣ ስምንተኛ ሳምንት» ብለሽ በእጅሽ ጻፊበት። መጠኑ ይበቃል አይበቃም የሚለው ግን ሐምሌ 5 ጾሙ ተፈቶ፣ የፍልሰታ ጾም ነሐሴ 1 ከመግባቱ በፊት፣ በሐምሌ መጨረሻ ሳምንት በሚቀዳው ይታይ። ያ የሚፈስክበትን ጊዜ ኤልዲኤል ያሳያል። የሰኔው 80፣ የሐምሌው 110 ከመጣ ክኒኑ አልሠራም ማለት አይደለም፤ የፍስኩ ወራት ምግብ ላይ ሥራ ይቀራል ማለት ነው። ሐኪሙ ጋ ስትሄዱ ሁለቱንም ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጡለት፣ የቤቱን የሰባት ቀን ግፊት ከታች ጽፋችሁ።